ሽታ ጠባቂው

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ጠዋት።
ጋውኔን ተኮስኩ። ባለቤቴ አስካለ ካረፈች ወዲህ አንዱ ወገን ሁሌም እንደተጨማደደ ነው። ዛሬ የቤተ ሙከራ ቀኔ። ጡረታ የወጣ የኬሚስትሪ መምህር፣ በሳምንት ሁለት ጠዋት፣ በነጻ። መ/ርት ጫልቱ ይርዱኝ ብላ ነው። እሷ ረዳት ፈለገች፣ እኔ ሰው። ይህን እንዳትነግሪያት፣ አንቺ ደብተር።

ተመለስኩ። አሲድ ስታቀጥኑ ውሃው ይቀድማል፣ አሲዱ በቀስታ ይከተላል አልኳቸው። ብንገለብጠውስ አሉ። ፊታችሁ ላይ ይረጭና መልካችሁ እንደኔ ይሆናል አልኩ። ሁሉም ተጠነቀቁ። ትንሽ ከፋኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ከሰዓት።
ራሴን ያመኛል። ዛሬ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ነበር፤ የብረት ሰልፋይድ ላይ አሲድ። መርዝ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ብቻ፣ የብልቃጡ ቡሽ ጠብቆ፣ መስኮት አጠገብ። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ስለሚበርድ መስኮቱ ገርበብ ብሎ ነበር። ጫልቱ እኔን ከኋላ አስቀመጠችኝ።

«አባባ፣ ሽታው እዚህ ከደረሰ ወዲያው ይንገሩኝ፤ አቆማለሁ።»

ነፋሱ ጋዙን ወደ እኛ ነዳው፤ እሷ ጋ አልደረሰም። ልጆቹ አፍንጫ ይዘው መገፋፋት፣ መሳሳቅ። ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። ማነው ማታ ሽምብራ የበላ? አልኩ ጮክ ብዬ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጫልቱም የተለመደ ቀልዴ መስሏት ሥራዋን ቀጠለች። እኔ ግን ምንም አልሸተተኝም። ምንም።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሐዊ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ያኔ ጫልቱ ሁሉንም አስወጣች፣ መስኮቱን በረገደችው። ሐዊ ሜዳው ላይ ንጹሕ አየር ስታገኝ ነቃች፤ ጤና ጣቢያም አይቷት ደህና ናት አለ።

ጫልቱ ቡሹን እያገላበጠች ታለቅሳለች። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ አባባ። አላጠበቅሁትም። ድንገት ባያመልጥ እርስዎ ይነግሩኝ ነበር።»

ጋውኔን አጣጥፌ ወጣሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12።
ነጭ ሽንኩርት ጨፈለቅሁ። ጨርቅ ናፍጣ ነክሬ አሸተትኩ። ባዶ። ከክረምቱ ጉንፋን ወዲህ ይመስለኛል። ብቻውን ለሚበላ ሰው ወጡ ማረሩን ማን ይነግረዋል?

ልጄ ከሮቤ ደወለች። አፍንጫዬ ጠፍቶብኛል፣ እዚያ ከመጣ መልሽልኝ አልኳት። ስቃ ስቃ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ስቀልድ የኖርኩ ሰው፣ እውነት ስናገር ማን ይመነኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15። ማታ።
ጫልቱ ዳቦ ይዛ ቤቴ መጣች። ከስታለች። ሐዊ ትምህርት ጀምራለች፤ እሷ ግን ከእንግዲህ ብልቃጥ አልነካም ትላለች። እጇን አታምነውም።

«ቤተ ሙከራውን እርስዎ ይምሩት። በየቀኑ ይምጡልኝ።»

በየቀኑ! አስቢው፣ ደብተር። በየቀኑ እንደምን አደሩ የሚለኝ ሰው። እሺ ልል አፌ ተከፍቶ ነበር። ነገ ልመልስልሽ አልኳት። ስትወጣ ግቢው ጭር አለ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ማለዳ።
ወስኛለሁ። ከክፍል በፊት እነግራታለሁ፦ እጅሽ ደህና ነው፣ የሞተው የኔ አፍንጫ ነው። ቡሽ ለማንም ያመልጣል፤ ክፍሉን ያሳቅሁት ግን እኔ ነኝ። ሽታ ሲመጣ ልጆቹ እጃቸውን ያውጡ፤ ጠባቂዎቹ እነሱ ይሁኑ። ቢበርድም መስኮቱ ወለል ብሎ ይከፈት። የኋላውን ወንበር ከተወችልኝ ዕቃ ሳልነካ እቀመጣለሁ። ቤትዎ ይረፉ ካለችኝ ግን… እሱን ስመለስ እጽፍልሻለሁ፣ ደብተር።