ከጋሽ መርሻ ጽሑፍ የቆረጥኩት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4፤ ምሳ ሰዓት

ሶዶ፣ የአገር ቤቱ ሳይሆን እዚህ ስደት ያለው ሰፈር፣ የምሠራበት መጋዘን በር ላይ። መኪና ውስጥ ሆኜ የቤተ ክርስቲያናችንን የንግሥ መጽሔት አርማለሁ። የጋሽ መርሻ ጽሑፍ ደረሰኝ፤ ስድስት ገጽ፣ በእጅ የተጻፈ። አገር ቤት የታሪክ አስተማሪ ነበሩ፣ እዚህ ፓርኪንግ ይጠብቃሉ። ስለ ጥንት ሮማውያን ጸሐፊዎች ነው። በአደባባይ ንጉሡን ያወድሳሉ፣ ለወዳጅ በሚጽፉት ደብዳቤ ያሙታል። መርማሪ መጣ ሲባል ደብዳቤውን ራሳቸው ያቃጥላሉ። ግሩም ነው። ቀናሁ። እኔ በዓመት አንዴ የምጽፈው የሰበካ ጉባኤያችንን ሊቀመንበር ምስጋና ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7፤ ጠዋት 1 ሰዓት

ማስታወሻዬ፣ ላንቺ ብቻ ልንገርሽ። የመጨረሻውን ገጽ ቆረጥኩት። ከወንበሩ አልነሣ ስላለ ገዥ ይናገራል። የእኛ ሊቀመንበር አቶ ታደሰ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ያነበበ ሁሉ እሱን ነው የሚያስበው። አንዴ ከጀመርኩ እጄ አላረፈም፤ የደብዳቤውንም ታሪክ አወጣሁ። የቀረው የንጉሥ ውዳሴ ብቻ። ጋሽ መርሻ አጎብዳጅ መሰሉ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9፤ ከቅዳሴ በኋላ

ከመታተሙ በፊት ሊቀመንበሩ ያያል፤ ደንብ ነው። ሙሉውንም የተቆረጠውንም ሰጠሁት። ሙሉውን አነበበ። ኦኬ፣ ጥሩ ነው፣ ለምን ቆረጥከው አለኝ። ረዝሞ ነው አልኩ። በቃ እንደፈለግክ አለና ስለ ራሱ ፎቶ ጠየቀኝ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት፤ እኔው ነኝ። አሁን የቆረጥኩትን ብመልሰው፣ እሱን ፈርቼ እንደነበር ታደሰ ያውቅብኛል። አልመልሰውም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፤ ከቀኑ 11 ሰዓት

ሌክ ሲቲ ሰፈር፣ ጋሽ መርሻ ቤት። የመጽሔቱን ናሙና ሁለቴ አነበቡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ታደሰ ነው ያስቆረጠህ አሉኝ። አዎ አልኩ። ዋሸሁ። አንተማ ምን ታደርግ ልጄ ብለው አዘኑልኝ። ስሜን ብቻ ከጽሑፉ ላይ ሰርዝልኝ፣ የድሮ ተማሪዎቼ ያነቡታል፣ ይኼን መርሻ ጻፈው እንዳይሉ አሉኝ። ሌላ አልለመኑም። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12፤ ሥራ ከመግባቴ በፊት

አልተኛሁም። ስም የሌለው ጽሑፍ ወሬ ያመጣል። ማን ጻፈው፣ ለምን ተደበቀ፣ ማን ቆረጠው ይባላል። ታደሰ እኔ አላስቆረጥኩም ይላል፤ ጋሽ መርሻም ይሰማሉ። ያኔ እኔ አለቀልኝ።

ስማቸው እንዳለ ይታተም። ለማተሚያ ቤቱ አሁን ሰንድ አደረግሁት።