«መጀመሪያ ሰላም በለው፤ ስም አለው»፦ የወይዘሮ ወርቅነሽ ደጉ የሕይወት ታሪክ (1957–2017 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ወርቅነሽ ደጉ ከአባታቸው ከመሪጌታ ደጉ ውቤ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብዙዬ እንግዳው ጥቅምት 12 ቀን 1957 ዓ.ም. በኩታበር ተወለዱ። ከአምስት ልጆች ሁለተኛዋ ሲሆኑ፣ ይህን የምጽፈው የመጨረሻዋ እኔ ታናሽ እህታቸው የምስራች ነኝ። በልጅነታቸው እልኸኛ ነበሩ። ሲያድጉ ይለቃቸዋል ተብሎ ተጠበቀ፤ አልለቃቸውም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በኩታበር፣ የሁለተኛ ደረጃውን በደሴ ተከታትለው በ1976 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። የእጅ ጽሑፋቸው ስለሚያምር የሰፈሩን ማመልከቻ ሁሉ የሚጽፉት እሳቸው ነበሩ። በ1979 ዓ.ም. ኮምቦልቻ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥረው፣ ጡረታ እስከወጡበት እስከ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ድረስ በፈትል ክፍል በፈረቃ ሠርተዋል። እዚያው መካኒክ ከነበሩት ከአቶ እንየው ጋር በ1981 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ወንድምአገኘሁንና ጽናትን ወልደዋል።

ጽናት በ1987 ዓ.ም. ከከባድ ምጥ በኋላ የተወለደች ናት። አንገቷ ሳይጠና፣ አፏም ሳይፈታ አደገች። እዚህ ላይ እውነቱን ብሸሽግ እህቴ ይቆጡኛል፤ ወይዘሮ ወርቅነሽ ልጃቸውን ሰባት ዓመት ደብቀዋል። የዕድር ሰው በመጣ ቁጥር ጽናት ወደ ጓዳ ትገባ ነበር። ስንት ልጅ አለሽ ሲባሉ «አንድ ወንድ» ይሉ ነበር። ከሰው አፍ ሊያድኗት ብለው ነው። እኛን እህቶቻቸውን እንኳ አያስይዙንም ነበር።

በ1994 ዓ.ም. እሳቸው ሥራ ላይ ሳሉ ጽናትን አተኮሳት። ቤት የነበርኩት እኔ ነኝ። ተጋድማ መዋጥ እንደማትችል ማን ነግሮኝ? እንደተኛች ውሃ አጠጣኋት። ውሃው ወደ ሳንባዋ ገብቶ ደሴ ሆስፒታል ሦስት ሳምንት ተኛች፤ ለጥቂት ተረፈች። ሲያማት ግራ እጇን እንደምትነክስ የሚያውቁት እናቷ ብቻ ስለነበሩ፣ እሳቸው እስኪደርሱ ሐኪሞቹ የቱ ጋ እንደሚያማት የሚጠይቁት ሰው አላገኙም። ወይዘሮ ወርቅነሽ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም። «ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ ብሞት ይችን ልጅ የሚያውቃት የለም» አሉና ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር አስገዙኝ።

በመጀመሪያው ገጽ ስሟንና የሚያስቃትን ነገር ጻፉ። ቀጥሎ እንዴት እንደምትውጥ፣ ሲያማት ምን እንደምታደርግ፣ መርፌ ስትወጋ ማን እንዲይዛት እንደምትፈልግ አሰፈሩ። ከዚያ በኋላ ጽናት ጓዳ አልገባችም።

ወሬው ሲሰማ ሌሎች እናቶች መጡ። የመጀመሪያዋ ዘጠኝ ዓመት የሞላውን ልጃቸውን ከሊድን አዝለው ከደጋን የመጡት ወይዘሮ ከይሪያ ናቸው። ማንበብ ስለማይችሉ እሳቸው እየተናገሩ እህቴ ጻፉላቸው። በዕረፍት ቀናቸው አብረው በሚኒባስ ደሴ ሆስፒታል ወጡ። አንድ ወጣት ሐኪም ከሊድን ሳያይ እናቱን «ምን ሆኖ ነው?» ቢላቸው ወይዘሮ ወርቅነሽ ጣልቃ ገቡ። «መጀመሪያ ሰላም በለው የኔ ልጅ፤ ስም አለው» ብለው ደብተሩን ዘረጉለት። ሐኪሙ ተቆጥቶ አስወጣቸው። እሳቸውም በሩ ላይ እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጡ። በመጨረሻ ሐኪሙ ራሱ ወጥቶ ደብተሩን ተቀበለ፤ አንብቦም ከሊድን በስሙ ጠራው። ከዚያ ወዲህ በክፍሉ «ደብተሩስ?» ብሎ መጠየቅ ተለመደ፤ መርፌ ሲወጋም እናት ከልጇ ጋር እንድትገባ ተፈቀደ። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ከኩታበር እስከ ደጋን እህቴ ደብተር ያልጻፉበት ቀበሌ ጥቂት ነው። ኮራሁባቸው፤ ዛሬም እኮራባቸዋለሁ።

ጡረታ በወጡ በሰባተኛው ወር፣ በግንቦት 2017 ዓ.ም.፣ በደም ግፊት ምክንያት ስትሮክ መትቷቸው አንደበታቸው ተያዘ። በሆስፒታል ሁሉም የሚጠይቀው እኔን ሆነ፤ እኔም ዝም ብዬ እመልስ ነበር። ወይዘሮ ከይሪያ ይህን ሲያዩ «ወላሂ፣ እትዬ ወርቄን እንደ ዕቃ አልፈዋት አያወሩም!» ብለው ወጡ። በማግስቱ ልጃቸውን ነጂባን አስጽፈው ደብተር ይዘው ተመለሱ። የመጀመሪያው ገጽ «ስሟ ወርቅነሽ ነው። ትሰማለች። ለእሷ ንገሯት» ይላል። ነርሷ አንብባ ጎንበስ አለችና «እማማ ወርቅነሽ፣ እንደምን አደሩ?» አለቻቸው። እህቴ በደህናው ጉንጫቸው ፈገግ አሉ።

በመጨረሻው ሳምንት ዓይናቸው ጽናት ላይ ነበር። የሚጠይቁኝ ገባኝ። አጠገባቸው ተቀምጬ የጽናትን ደብተር ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው፣ ሳልገልጠው፣ በቃሌ አልኩላቸው። «ቀና አድርጎ፣ በማንኪያ፣ ጥቂት ጥቂት» የሚለው ጋ ስደርስ እጄን ጨበጡኝ።

ሰኔ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. በስልሳ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ባለቤታቸውን አቶ እንየውን፣ ልጆቻቸውን ወንድምአገኘሁንና ጽናትን፣ አራት እህትና ወንድሞችን እንዲሁም ስማቸውን በየደብተሩ የጻፉላቸውን ልጆች ትተውልናል። ጽናት ከእኔ ጋር ናት።

የምሕረት አምላክ ደጁን ያለ ወረፋ ይክፈትላቸው፤ ነፍሳቸውንም በስሟ ጠርቶ ይቀበልልን። አሜን።