ሕመሙን በየዓይነቱ የለዩት የእትዬ ቆይ የሕይወት ታሪክ

እትዬ ቆይ ከመድኃኒት ቤት ባለቤት አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ በ1944 ዓ.ም. መስከረም ወር፣ ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ ባለች ክፍል ተወለዱ። «ቆይ» ያሏቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ «ቆይ እስቲ» ሳይሉ ምንም ነገር አይጀምሩም ነበርና። እኛ የእህታቸው ልጆች ስሙን ወደድነው፤ እሳቸው ግን እስከ መጨረሻው እንዳኮረፉበት ነው።

ለትምህርት ሲደርሱ ታናሽ እህታቸውን፣ የእኛን እናት፣ እጇን ይዘው ይመላለሱ ነበር። ታናሺቱ በወሬ መሀል ድንገት ትፈዛለች፤ ስትነቃ ወሬው አልፏታል። መምህሯ ስንፍና መስሏቸው ይቀጧት ነበር። ከፍ ስትል ደግሞ አልፎ አልፎ ወድቃ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ሐኪሙ ሁለቱም የሚጥል በሽታ መሆናቸውን ተናገረ። ያዘዘላት መድኃኒት ግን መንቀጥቀጡን ሲያበርድ መፍዘዙን አባሰው። እትዬ ቆይ ይህ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ መኖር አልቻሉም።

በ1967 ዓ.ም. በፋርማሲ ተመርቀው ቤተ ሙከራ ገቡ። በአንጎል ሴሎች ላይ መልእክት የሚቀበሉ ተቀባዮች አሉ፤ እነዚህን የሚዘጉ መድኃኒቶችን በአይጦች ላይ ይሞክሩ ነበር። የአይጦቹን የአንጎል ሞገድ በወረቀት ላይ የሚስለው ማሽን በተበላሸ ጊዜ ሊጠግን የመጣውን የኤሌክትሪክ ባለሙያ በ1973 ዓ.ም. አግብተው ሴትና ወንድ ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው «ማሽኑ ዳነ፣ እኔ ግን እዚያው ቀረሁ» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

በቤተ ሙከራው የሚፈዙት አይጦች በአንድ ክፍል፣ የሚንቀጠቀጡት ከኮሪደሩ ማዶ ነበሩ። አንድ መድኃኒት የሚሞከረውም ከሁለቱ በአንዱ ክፍል ብቻ ነው፤ እንዲህ መሥራት የተለመደ ስለነበር ማንም ነገሬ አላለውም። አንድ ቀን አንድ መድኃኒት የሚፈዙትን ሁሉ አነቃ። አለቃቸው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ተገኘ ብለው ሊያሳውቁ ተነሡ። እናታችን ወሬውን ሰምታ እየሮጠች ሄደች። «እህት ዓለም፣ ለእኔ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው?» አለቻቸው።

«ቆይ እስቲ፤ አንቺ እኮ መፍዘዝ ብቻ አይደለም፣ ትወድቂያለሽም» አሏት።

መድኃኒቱን ይዘው ኮሪደሩን ተሻገሩ። በማዶው ክፍል ያሉት አይጦች መድኃኒቱ ሲሰጣቸው ከወትሮው ብሶባቸው ተራ በተራ ወድቀው ተንቀጠቀጡ። ያንን ተቀባይ መዝጋት አንዱን ዓይነት ሲያስታግስ ሌላውን ይቀሰቅሳል ማለት ነው። አለቃው ተናደዱ፤ እናታችንም ተስፋዋን የቀሟት መስሏት ክረምቱን ሙሉ አኮረፈቻቸው። እትዬ ቆይም በዚያ ክረምት ብዙ አለቀሱ፤ ሐሳባቸውን ግን አልለወጡም። ከዚያ ወዲህ በሁለቱም ክፍሎች ያላለፈ መድኃኒት ከዚያ ቤት አልወጣም። የእናታችን ሐኪምም ውጤቱን አይቶ ለሁለቱም ዓይነት የሚስማማ ሌላ መድኃኒት ፈለገላት። ቀስ በቀስ መፍዘዙም መውደቁም ተዋት። አገባች፣ እኛን ወለደች፣ መኪና መንዳትም ተማረች፤ መንዳቷን እንኳ ብዙ አናመሰግንም።

እትዬ ቆይ በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2014 ዓ.ም. በሰባ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና ያሠለጠኗቸው ተመራማሪዎች በሐዘን ሸኝተዋቸዋል። ብዙዎችን ከሥቃይ ለማሳረፍ የደከመችውን ነፍሳቸውን እግዚአብሔር በሰላም ያሳርፍልን፤ ለቤተሰቡም ብርታቱን ይስጥ።

ይህን ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከዚህ ያነበበችላችሁ ታናሽ እህታቸው ናት። አልቅሳ ይሆናል እንጂ መሀል ላይ አልፈዘዘችም።