እንደ ዘምዘም የታደለው የቤንዚን መድኃኒት

አሰላሙ ዓለይኩም ልጄ ፈሀድ። አላህ በሰው አገር ከክፉ ዓይን ይሸፍንህ፤ የላብህን ፍሬ ያብላህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እህትህ ሒክማም ፈተናዋን አልፋለች።

እኔን ያሳረሩኝ አባትህ ናቸው። ለአሮጌዋ መኪናችን የላክኸው፣ ኦክቴን የሚሉት የቤንዚን መድኃኒት ደርሷል። የቤዛዊትን ዳገት ስትወጣ ሞተሯ እንዳያንኳኳ፣ ጠርሙሱን በሙሉ አንድ ጊዜ ቤንዚኑ ላይ ገልብጡት ብለህ በስልክ ስትነግራቸው አጠገባቸው ነበርሁ። እሳቸው ግን ከሐጅ እንደመጣ የዘምዘም ውኃ ለጎረቤት ሁሉ በስኒ አደሉት። ከውጭ የመጣ ነገር ለብቻ አይበላም ይላሉ። ጎረቤታችን አሪፋ ባሏን ላከች፤ የሰፈሩ ባጃጅ ነጂዎችም ኩባያ ይዘው ተሰለፉ።

“አንቱ ሰውዬ፣ ይኸ እኮ በረካ አይደለም፤ ጠብታው ለአንዱም አይሆን” ብላቸው፣ “ዋናው ኒያው፣ የልብ ሐሳቡ ነው” አሉኝ።

አሁን የእኛም መኪና ታንኳኳለች፣ የጎረቤቱም ያንኳኳል። ትናንት ጠርሙሱ ሥር የቀረችውን አንድ ክዳን የምትሞላ ልጨምርላት ብል፣ ከእጄ ነጥቀው ቡፌው ውስጥ ቆለፉባት።

“ይችማ ፈሀድን ከኤርፖርት የማመጣባት ናት” አሉ።

እና ልጄ፣ እባክህ ሌላ ጠርሙስ አትላክ። አላህ መንገድህን ያቅናልህና፣ መጥተህ ይችን አስጨርሰን።

እናትህ ዘይነት