መስኮቴን የጋረደው አየር መንገድ

ጥቅምት 4
ዛሬም ተሳሳትኩ። የቀሚሱን አንገት በጥቁር ክር ጠልፌ ጨረስኩ... ለካ የታዘዝኩት ጥቁር ሰማያዊ ነው። በአምፖል ሁለቱም አንድ ናቸው። ያ የአየር መንገድ ቢልቦርድ መስኮቴ ፊት ከተገተረ ሁለት ዓመቱ። ሥዕሉ ላይ ያለችው አስተናጋጅ ለመንገደኛው ጥርሷን፣ ለእኔ የቆርቆሮ ጀርባዋን። የሦስት ቀን ሥራ ገደል ገባ። ቁጭ ብዬ ፈታሁት።

ጥቅምት 9
የእህቴ ልጅ መጣች። ጠበቃ ከሆነች ገና ስምንት ወሯ። ክሩን ዓይኔ ሥር ሳስጠጋ አየችኝና፣ "አክስቴ፣ እንክሰሳቸው!"
ወንድሜ ሳቀ። "አየር መንገዱ እኮ የውጭ መንግሥት ነው። የራሳችን አልበቃ ብሎሽ ነው?"
እሺ አልኳት። ምን ነካኝ?

ኅዳር 17
ለክሳችን መልሳቸው መጣ። የውጭ መንግሥት ንብረት ስለሆንን እዚህ አገር አንከሰስም አሉ። ያለመከሰስ መብት ይባላል። በአንድ ቢልቦርድ ንጉሥ ሆነው አረፉት!
ልጅቷ ግን እጇን ታፋትጋለች። "መንግሥት በመንግሥትነቱ ለሠራው ነው የማይከሰሰው። ከነገደማ ነጋዴ ነው፣ አክስቴ።"
ገባኝ።

ታኅሣሥ 12
ችሎት። ጠበቃቸው ስለ ሉዓላዊነት ተናገረ፣ ተናገረ... አፉ ማር ነው። የእኛዋ ተነሳች። ወይ ጉዴ አልኩ። የቢልቦርዱን ፎቶ አቀረበች። "ክቡር ዳኛ፣ ጽሑፉን ቢያነቡልን?"
ዳኛው መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "ሁለት ትኬት ለሚገዛ ሦስተኛው በግማሽ ዋጋ!"
ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸውም ከንፈራቸውን ነከሱ። ወደ ጠበቃው ዞረው፣ "ይህ የመንግሥት አዋጅ ነው?"
ጠበቃው ወረቀቶቹን ማገላበጥ ጀመረ።
አንከሰስም የሚለው መቃወሚያቸው ውድቅ! ክሱ ይቀጥላል። ውጭ ስንወጣ ወንድሜ ልጅቷን አቅፎ ከመሬት አነሳት። ያ ሲስቅብን የነበረው ሰውዬ!

ጥር 20
ሙግቱ ሳይጀመር ደወሉ። ቢልቦርዱን ራሳቸው ሊያነሱት ነው። ሥራ አስኪያጁ ትሕትናው ለጉድ፦ "እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልን።" እማማ? ገና ሃምሳ ሁለቴ ነው! ለቢልቦርዱ ይቅር ብያለሁ። ለ"እማማ" ግን... አስብበታለሁ።

የካቲት 3
ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቆርቆሮው ወረደ። ፀሐይ ዘው አለች! እጄን ዘረጋሁ... ሞቀኝ። አለቀስኩ መሰለኝ። ወይስ ሳቅኩ?
ከዚያ ዞር ብዬ ቤቴን አየሁት። ጉድ! ቁም ሳጥኑ ላይ ጣት የሚያሰምጥ አቧራ፣ ጣሪያው ጥግ የሸረሪት ድር... እንግዳ ስቀበል የኖርኩት እዚህ ውስጥ ነው?
ልጅቷ ደወለች። "አክስቴ፣ ለደስታችን ምን ይዤ ልምጣ?"
"መጥረጊያ!"