ነነዌን በዋሻ ያሰሉት መምህርት ሐረገወይን ሐብተ ማርያም

መምህርት ሐረገወይን ከአባታቸው ከመሪጌታ ሐብተ ማርያም ኃይለ ጊዮርጊስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸዋአየሁ ፋንታሁን ኅዳር 12 ቀን 1919 ዓ.ም. በሰሜን ጎንደር፣ ከአዲ አርቃይ በላይ በገደሉ ሥር በምትገኝ መንደር ተወለዱ።

መሪጌታ ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም አጽዋማትና በዓላት በየዓመቱ የሚውሉበትን ቀን ማስላት ያስተምሩ ነበር። ሐረገወይን ከተማሪዎቹ ጋር መቀመጥ ባይፈቀድላቸውም ከአጥሩ ወዲህ ስፌት እየሰፉ ያዳምጡ ነበር። ስፌታቸው ጠማማ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው ሲሉ እናታቸው ያሟቸው ነበር።

በ1929 ዓ.ም. ክረምት የጣሊያን ጦር መንደሩን ሲያቃጥል ሕዝቡ ወደ ዋሻ ሸሸ። ቄሱ ተገድለው፣ መሪጌታም ከአርበኞች ጋር ዘምተው ስለነበር፣ መስከረም 1 ቀን 1930 የዓመቱን አጽዋማት የሚናገር ሰው ጠፋ። ወደ ሌላ ደብር መላክም አይቻልም ነበር። ቤቱንና እህሉን ላጣ ሕዝብ ጾሙን መሳት ሌላ ሞት ሆነበት።

የአሥር ዓመት ልጅ የነበሩት ሐረገወይን አሰላዋለሁ ብለው ተነሡ። ስሌቱ አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉ ሁለት ቁጥሮችን ይጠይቃል። በዚያ ዓመት ግን ሁለቱም ባዶ ሆኑባቸው። እንዲህ ያለው ዓመት በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንዴ ስለሚመጣ ሲሰላ ሰምተው አያውቁም። ቀኑን ሙሉ ጠጠር ሲደረድሩ ዋሉ። አባታቸው ሲያስተምሩ የሰሟቸውን የቀድሞ ዓመታት ቁጥሮች መልሰው አዩ፤ የ1928 ሰባትና ሃያ ሦስት፣ የ1929 አሥራ ስምንትና አሥራ ሁለት። ከዚያም መጥቅዑ ሠላሳ ነው አሉ።

የመንደሩ ሽማግሌ አያ ቢያዝን፣ «ምነው ልጄ፣ ከባዶ ሠላሳ እንዴት ይወጣል?» ሲሉ ጠየቁ።

«አያ ቢያዝን፣ ሁለቱ ተደምረው ሁልጊዜ ሠላሳ ናቸው። አንዱ ባዶ ከሆነ ሠላሳው በሌላው ይገኛል እንጂ የት ይሄዳል?»

«ሸጋ። በልጅቱ ቃል እንጾማለን» ብለው ፈረዱ። የነነዌ ጾም መግቢያም ሰኞ የካቲት 7 ሆነ።

በእነዚያ አምስት ወራት፣ ተሳስቼ ሰውን ሁሉ አሳስት ይሆን እያሉ እንቅልፍ እንዳጡ እናታችን ይነግሩን ነበር። በዚያው ሰኞ ረፋድ ላይ መሪጌታ ቆስለው ዋሻው ደረሱ። መንገዱን ሁሉ ያስጨነቃቸው ሕዝቡ ሳያውቅ በልቶ ይሆናል የሚለው ነበር። ሕፃናቱ እንኳ እህል አለመቅመሳቸውን ሲያዩ ቀኑን ማን እንደነገራቸው ጠየቁ። ሲነገራቸው የልጃቸውን እጅ ስመው አለቀሱ።

በ1934 ዓ.ም. ጎንደር ነፃ ስትወጣ መሪጌታ ልጃቸውን በዚያው ከተማ፣ አራዳ አጠገብ ትምህርት ቤት አስገቡ። ለሴቶች ስፌት ነው ሲባሉ፣ «ስፌቷንስ አይቼዋለሁ፤ ሒሳብ አስተምሩልኝ» አሉ። ሐረገወይን የስምንት ዓመቱን ትምህርት በአራት ዓመት ጨረሱ። በአዲስ አበባም ሒሳብ አጥንተው ተመልሰው፣ በጎንደር ሠላሳ አምስት ዓመት አስተማሩ። በ1947 ዓ.ም. ከአቶ የሻው አዝመራ ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥር 19 ቀን 2003 ዓ.ም. በ84 ዓመታቸው ዐረፉ። እኛን ሦስት ልጆቻቸውንና ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል።

ባለፈው መስከረም፣ ነነዌ ዘንድሮም እንደ ዋሻው ዓመት የካቲት 7 ይገባል ብለው በደስታ ነግረውናል። አርባቸውን ግን እኛው ቆጠርን፤ የካቲት 28 ይውላል። የምንጠይቀው ሰው ስለሌለን ሦስት ጊዜ ቆጠርነው። ተሳስተን ከሆነ እናታችን ይቅር ይበሉን፤ እግዚአብሔርም ነፍሳቸውን ከአባታቸው ጎን ያኑርልን።