ሐላል ያልተባለለት ቤት

ውድ ወንድሜ ዑበይዳ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። የት እንዳለህ ስለማላውቅ ከዚህ በላይ ላረዝመው አልቻልኩም። ከጅቡቲ ጠረፍ፣ ከኦቦክ ደውለህ «ዛሬ ባሕሩን እንሻገራለን» ካልከን ወዲህ ሦስት ረመዳን አልፏል።

የምጽፍልህ ስለ ቤታችን ነው። ተሸጠ።

የእማዬ ዓይን እየደከመ ስለመጣ እሷን ብቻዋን መካነ ሰላም ትቼ ደሴ መኖር አልሆነልኝም። ቤቱን ሽጠን አብራኝ እንድትኖር ተስማማን። ተስማማን ስልህ፣ እኔ ተናገርኩ፣ እሷ ዝም አለች። ሥራውን ለደላላው ለጠልሐ ሰጠሁት።

በዚያው ሰሞን ጎረቤታችን ጋሽ ቸኮልም ቤታቸውን ለሽያጭ አወጡ። ታውቀው የለ? ግድግዳው ወደ መንገዱ ያዘነበለ፣ ክረምት ሲገባ ከውስጡ ይልቅ ደጅ መቆም የሚሻልበት ቤት። ገበያ እንኳ ሳይደገም ተሸጠላቸው። የኛው ቆርቆሮው አዲስ፣ ጓሮው ባህር ዛፍ ሆኖ ሳይሸጥ ዓመት ሊሞላው ተቃረበ።

ጠልሐ ምክንያት አያልቅበትም። መጀመሪያ ቀለሙ ነው አለ፤ ቀባነው። ቀጥሎ በሩ ወደ ምዕራብ ዞሮ ነው አለ። በመጨረሻ «አቦ ይሄን ቤት ዓይን በልቶታል!» ብሎ እጁን አራገፈ። እኔም ከደሴ መመላለሱ ሰለቸኝ፤ ቆይቶ መሰልቸቱም ቀረ።

እውነቱን ያወቅሁት አንድ ነጋዴ ከከላላ የመጣ ቀን ነው። ቤቱን ዞሮ አየ፣ ወደደው፣ በዋጋም ተግባባን። ሽያጩን ለማጽናት እጅ ከመማታታችን በፊት ግን እንደ አገሩ ደንብ እማዬ ፊት ቁጢጥ ብሎ፣

«እናቴ፣ ከልብዎ ነው? ሐላል ይሉኛል?» አላት።

እማዬ ወደ አጥሩ በር ተመለከተች። «ልጄ ከዚህ ሌላ በር አያውቅም» አለች።

ሰውየው ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ባለቤቱ ሐላል ያላለው ቤት እንቅልፍ እንደማይሰጥ እኔም አውቃለሁ። ከሱ በፊት የመጡትም ሁሉ በዚችው ቃል ነው የተመለሱት፤ ጠልሐ ወሬው እንዳይወጣ ብሎ ደብቆኝ ኖሯል። ጋሽ ቸኮል ግን ገና ሳይጠየቁ «ውሰደው ወንድሜ፣ ወልደህ ሳምበት!» ብለው ነበር ያስረከቡት።

አልተቆጣኋትም። ማልቀስ ነበረብኝ መሰለኝ፤ አልመጣልኝም።

ባለፈው ማክሰኞ አሳምነው የሚባል አስተማሪ ከነሚስቱ መጣ። ክርስቲያን ነው፤ የዚሁ አገር ልጅ ነውና እሱም ያንኑ ጠየቃት። «እማማ፣ ሐላል ይበሉን» አላት። መልሱን ስለማውቀው ሻሼን አስተካክዬ ልነሳ ስል እማዬ በሩን ቆይታ አየችው። ከዚያ ፊቷን ወደ እነሱ መለሰች።

«ሐላል ይሁንላችሁ። ወልዳችሁ ሳሙበት።»

ስለ አንተም አንድ ነገር ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለችም።

ጠልሐ ቢስሚላህ ብሎ እጅ አማታን። ያን ሰዓት የተሰማኝን ልጽፍልህ ሞክሬ ነበር፤ የሚጻፍ ነገር አጣሁ። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ዕቃ ስንጠቀልል እማዬ «ደሴ ስንገባ ሰደቃ እናወጣለን» አለችኝ። ለየትኛው ሟች ብዬ አልጠየቅኋትም። ልብሶችህን አጣጥፋ ለመስጊድ በሚሰጠው ላይ አኖረቻቸው፤ እኔም ጆንያውን ያዝኩላት።

ነገ በማለዳው መኪና እንሄዳለን። ይህችን ደብዳቤ ለአሳምነው እተዋታለሁ፤ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለበት ሰው በሩን ካንኳኳ እንዲሰጠው። ቃል ገብቶልኛል። ደሴ ስትደርስ ሸዋበር መስጊድ ጀርባ ጁማና ልብስ ሰፊዋ ብለህ ጠይቅ።

ይህን እያነበብክ ከሆነ እማዬ ተሳስታለች። ቶሎ ና፤ መሳሳቷን አንተው ንገራት።

እህትህ ጁማና